የዎልደን ሳፍሮን

የሰው ልጅ ከዱር አምጥቶ በደጁ ካሳደጋቸው አትክልት መካከል፥ ባለቤቱ ቢሞትበት እንኳ ጫካ ለብሶ እንደ ወይኑና እንደ ወይራው ብቻውን የሚኖረው ብዙ ነው፤ ሳፍሮን የሚባለው፥ ዐረቦችም ዘዕፈራን የሚሉት ተክል ግን የሰው እጅ ከተለየው ዘመኑ አጭር ነው። በወጥ ቤታችን አልጫውን ቢጫ የሚያደርገው እርድ ሥር ሲሆን፥ ይህኛው ከአበባ ልብ የሚወጣ ክር ነውና ሁለቱ በሚሰጡት ኅብር ካልሆነ በቀር በዘር አይገናኙም። ሳፍሮን ቁመቱ ከስንዝር ብዙ የማያልፍ፥ ቅጠሉ እንደ ሣር የቀጠነ፥ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ከመካከሉ ሦስት ቀያይ ክሮች የሚወጡለት ታናሽ ተክል ነው፤ የከበረውም በእነዚህ ክሮች ስለሆነ፥ አንድ ግራም ደረቅ ሳፍሮን ለማግኘት 150 ያህል አበባ፥ አንድ ኪሎ ለማግኘትም 150,000 ያህል አበባ አንድ በአንድ በእጅ መልቀም ግድ ይሆናል። ክሮሞሶሙ እንደ ብዙው ፍጥረት ጥንድ ጥንድ ሳይሆን ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚገኝም ተክሉ መካን ነው፥ አያፈራም፥ ዘርም አይቋጥርም። የሚራባው እንደ ሽንኩርት ራስ ባለ ኮረት ብቻ ሲሆን፥ እናቲቱ ኮረት አንድ ወራት አገልግላ ከመሞቷ አስቀድሞ በራስዋ ላይ ጥቂት ታናናሽ ኮረቶች ትወልዳለች፤ እነዚያን ከምድር አውጥቶ፥ ለያይቶ፥ ዳግመኛ የሚተክል ሰው ካልተገኘ ልጆቹ በአንድ ጉድጓድ ተጨናንቀው እየኮሰመኑ አበባቸውን ያጣሉ። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ሳፍሮን ሁሉ በማይቋረጥ የእጅ ቅብብል ከጥንት ሰዎች ወደ እኛ የደረሰ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

የጥንቱ ነገር ሰፊ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሊቃውንተ ዕፀዋት በቅርብ ዓመታት እንዳረጋገጡት፥ ይህ መካን ተክል የተገኘው በግሪክ አገር በአቲካ ምድር ከሚበቅል አንድ የዱር አበባ ነው፤ ቴራ በምትባለው ደሴት በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ የተገኘ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የተሣለ የግድግዳ ሥዕልም ሴቶች ይህንኑ የመሰለ አበባ ሲለቅሙ ያሳያል። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንም በምዕራፍ 4 የተዘጋውን ገነት ሲያወድስ ከናርዶስና ከቀረፋ ጋር ይቈጥረዋል። የሐር ልብስ ማቅለሚያ፥ የነገሥታት መብል ማጣፈጫ፥ የሐኪሞች መድኃኒት ሆኖ፥ በኤውሮጳም ብራና ጸሓፊዎች ወርቅ ባጡ ጊዜ ወርቅ የሚያስመስሉበት ቀለም ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ። እኔ ልጽፍ ያሰብሁት ግን ስለ ነገሥታቱ ሳይሆን፥ በሰሜን ባሕር አጠገብ ባለ ብርዳም አገር፥ ጓሮውን ቈፍሮ ይህን የፀሐይ አገር አበባ ስላሳደገ አንድ የገበያ ከተማ ሕዝብ ነው።

ከለንደን በስተ ሰሜን፥ ኤሴክስ በሚባለው አውራጃ ዳርቻ፥ ከኬምብሪጅ ብዙ ሳትርቅ ዎልደን የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1141 ዓ.ም. እቴጌ ማቲልዳ የአጎራባቹ ኒውፖርት ገበያ ወደዚህ እንዲዛወር ስለፈቀደች፥ ከተማዪቱ ለብዙ ዘመን የገበያ ዎልደን ተብላ ስትጠራ ኖረች፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሳፍሮኗ ከገበያዋ ይበልጥ ስለታወቀ ስሟ ተለውጦ እስከ ዛሬ ሳፍሮን ዎልደን ትባላለች። ምድሩ ከሥሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃ አያቍርም፤ ኮረቱን ከምንም ይልቅ የሚገድለው የቈመ ውኃ ነውና፥ ዝናሙ በማይታመን አገር ይህን የመሰለ አፈር ማግኘት ትልቅ ዕድል ነበረ።

ተክሉ ወደዚያ አገር እንዴት እንደገባ ሲነገር፥ የመርከበኞችን ጉዞ የሰበሰቡት ሪቻርድ ሃክሉት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዎልደን ሰዎች አፍ የወጣውን ወሬ መዝግበዋል፤ አንድ ተሳላሚ ለአገሩ በጎ ሊሠራ አስቦ፥ አስቀድሞ ባስቦረቦረው በትር ውስጥ አንዲት የሳፍሮን ራስ ሸሽጎ፥ ቢያዝ በዚያ አገር ሕግ ሞት እንደሚፈረድበት እያወቀ፥ ነፍሱን ለአደጋ ሰጥቶ ወደ እንግሊዝ አስገባት ይላሉ። ሊቃውንተ ታሪክ ይህን ከአፈ ታሪክ ይቈጥሩታል፥ እኔም እንደ ቃሉ አልቀበለውም፤ ነገር ግን ወሬውን የፈጠሩት ሰዎች ተክሉን ጠንቅቀው የሚያውቁ እንደነበሩ ይታየኛል፤ ምክንያቱም ለዚህ ሥራ አንዲት ራስ በእርግጥ ትበቃለች። አንዷ ኮረት በየዓመቱ ሦስት ልጆች ብትወልድና ልጆቹም ሁሉ እንደ እናታቸው ቢወልዱ፥ በ12ኛው ዓመት ቍጥራቸው ከአምስት መቶ ሺህ ይበልጣል፤ ከግማሽ ሄክታር ጥቂት የሚያንሰውን አንድ ኤከር መሬት ለመሙላት የሚያስፈልገውን ደግሞ ጄምስ ዳግላስ የተባሉ ሐኪም ኋላ 392,040 ብለው ቈጥረውታል። አንድ ሰው በወጣትነቱ በበትር የሸሸጋትን ራስ ሳይሸመግል እርሻ ሆና ሊያያት ይችል ነበር ማለት ነው።

የዚህ ተክል ባለቤቶች በብዛት ባለ ታናናሽ ይዞታ ሰዎች ነበሩ። ሥራው በበሬና በሰፊ ማሳ የሚገፋ ሳይሆን በዶማና በጣት የሚሠራ ስለሆነ፥ ከቤት ጀርባ ያለች ጓሮና ከመንደር ዳር ያለች ቍራሽ መሬት ይበቃዋል፤ ብዙ እህል የማታበቅለው ይህች ቍራሽ መሬት ደግሞ በሳፍሮን ጊዜ ከሰፊው የስንዴ ማሳ የተሻለ ገንዘብ ታስገኝ ስለነበር፥ አባት ሲሞት የሳፍሮን መሬቱን እንደ ከበረ ርስት ለልጁ ይናዘዘው ነበር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሰብል ሁሉ ዐሥራት ትቀበል ነበርና ሳፍሮኑም ከዐሥራት አልቀረም። ጳጳሳቱም ራሳቸው ይህን አበባ ይወዱት ነበር፤ በለንደን ዛሬ የሳፍሮን ኮረብታ የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የኤሊ ጳጳስ የአትክልት ቦታ ነው።

በዎልደን የቅድስት ሥላሴ ማኅበር የሚባል የከተማዪቱ ሰዎች ጽዋ የሚጠጡበትና ድሆችን የሚረዱበት ማኅበር ነበረ፤ በ1514 ዓ.ም. ንጉሡ ሄንሪ 8ኛ ለዚህ ማኅበር የገበያውንና የወፍጮውን መብት በቻርተር አጸኑለት፤ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በአዋጅ ከፈረሱ በኋላም በ1549 ዓ.ም. ኤድዋርድ 6ኛ ለከተማዪቱ የራስዋን አስተዳደር የሚያቆም ቻርተር ሰጧት፥ በማኅተሟም ላይ በቅጥር የተከበቡ ሦስት የሳፍሮን አበቦች ተቀረጹ። ከዚህ ቀደም ብሎ፥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሲታነጽ፥ ድንጋይ ጠራቢዎቹ በደቡብ በኩል ካሉት ቅስቶች በአንዱ ማዕዘን ላይ ይህንኑ አበባ ፈልፍለውታል። ጠራቢው ያገኘውን ሐረግ ሁሉ በልማድ ከመቅረጽ አልፎ፥ በከተማዪቱ ጓሮ ያየውንና የሕንጻውን ወጪ በከፊል የሸፈነውን አበባ ከቤተ መቅደሱ ማስገባቱ፥ ገበሬው የመጀመሪያ ፍሬውን ይዞ ወደ ደብሩ የሚመጣበትን የጥንት ሥርዐት ያሳስበኛል።

ስለ አተካከሉ ከሁሉ ይልቅ አብራርተው የጻፉት ግን አንድ የገጠር ቄስ ናቸው። ዊልያም ሐሪሰን ይባላሉ፤ ከ1559 ዓ.ም. ጀምሮ ከዎልደን ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው በራድዊንተር ደብር አገልግለዋል። ስለ እንግሊዝ አገር ሁኔታ የጻፉት መጽሐፍ በ1577 ዓ.ም. ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ጋር ታትሞ ሲወጣ፥ ኋላም በ1587 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ዳግመኛ ሲታተም፥ ስለ ሳፍሮን ሰፊ ምዕራፍ አኑረውበታል። መሳፍንቱ ስለ ጦርነትና ስለ ጋብቻ በሚያስጽፉበት ዘመን፥ ጎረቤቶቻቸው በጓሮ የሚሠሩትን ጐንበስ ብለው አይተው ለትውልድ ስላቈዩልን ለእኒህ ቄስ ታላቅ ምስጋና ይገባቸዋል።

ቄስ ሐሪሰን የሚጠቅሷቸውን ወራት ስናነብ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ እንግሊዞች የጎርጎርዮስን አቈጣጠር የተቀበሉት በ1752 ዓ.ም. ስለሆነ፥ በእሳቸው ዘመን ይሠሩበት የነበረው የዩልዮስ አቈጣጠር ከእኛ ባሕረ ሐሳብ ጋር ፈቀቅ ሳይል አብሮ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ጁላይ ያሉት የእኛ ሐምሌ ነው፤ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያሉትም የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት መባቻ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን እኛ የዮሐንስ መጥምቅን ልደት ስናከብር እነሱም በዚያው ዕለት ያከብሩ ነበር። በዚህ በዓል ሰሞን ነው የሳፍሮን ሰዎች አንዲት ኮረት አውጥተው ለሁለት ከፍለው የሚመለከቷት፤ በልቧ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ የሳፍሮን ጅማቶች ከታዩ መኸሩ ይባረካል ይላሉ፥ ካልታዩም ዘመኑ የችግር ይሆናል። ይህ ከንቱ ጥንቈላ እንዳይመስል፤ በዚያ ወራት አበባው በኮረቲቱ ውስጥ መዋቀር የሚጀምርበት ጊዜ ነውና ገበሬዎቹ የሚያዩት እውነተኛ ነገር ነበረ።

በሐምሌ ኮረቶቹ ከምድር ይወጣሉ፥ ከድሮ ልጣጫቸው ይጠራሉ፥ ልጆቹም ከእናቶቻቸው ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ በሐምሌና በነሐሴ በተርታ ተርታ ይተከሉና አፈር ይለብሳሉ። አበባው ሲወጣ ምንም እንዳያግደው በመስከረም መጀመሪያ የመሬቱ ገጽ በስሱ ተፍቆ አረሙና ሣሩ ይነሣል፤ በወሩ መጨረሻም ቄሱ ሰማይ ይመስላል ያሉት አበባ ብቅ ይላል። አበባው ፀሐይ ከነካው ስለሚጠወልግ ሰዉ ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ በማለዳ የተለቀመው ወደ ቤት ይገባል፥ ቀዩ ክር ይነቀሳል፥ የቀረው ገላ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይጣላል። በመልካም ዘመን ከአንድ ኤከር ከ80 እስከ 100 ፓውንድ ርጥብ ክር ይገኛል፥ ሲደርቅ ግን ከ20 ፓውንድ፥ ማለት ከ9 ኪሎ ብዙ አያልፍም፤ የአንዱ ፓውንድ ዋጋም በተለመደው ጊዜ 20 ሽልንግ ነበረ። መሬቱ ሳፍሮን ተሸክሞ ከቈየ በኋላ ለገብስ ቢለወጥ ያለ ፍግ 18 ወይም 20 ዓመት ያበቅላል ብለው ቄሱ የጻፉት ለእኔ የተጋነነ ይመስለኛል፤ በየጊዜው ተቈፍሮ፥ ታርሞና ተኰትኵቶ የኖረ መሬት ለገብስ መመቸቱን ግን ማንም ገበሬ አይክድም።

በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ቄሱ በታላቅ ኀዘን የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ ከመታተሙ ከሃያ ዓመት ያህል በፊት የሳፍሮኑ መኸር እጅግ በረከተ፤ ከመብዛቱ የተነሣ አንዳንድ የዎልደን ሰዎች እጅ አጥሯቸው፥ አበባውን አሥርና አሥራ ሁለት ማይል ርቀት ድረስ ወደ ገጠሩ እየላኩ፥ ግማሹን ለሚነቅስላቸው ሰው ግማሹን ደመወዝ አድርገው ሰጡ። ሌሎቹ ግን ዋጋው እንዳይወድቅ ማነስን የሚመኙ ነበሩና፥ ስለ ጥጋቡ ፈጣሪን እንደ ማመስገን፥ ገበያውን ሊያንቅብን ነው ብለው፥ እዚህ ልጽፈው በማይገባ ጸያፍ ቃል በእግዚአብሔር ላይ አጕረመረሙ። ከዚያ ወዲህ፥ ይላሉ ቄሱ፥ ጌታ ምስጋና ቢስነታቸውን ተመልክቶ ሰብሉን አሳነሰባቸው፤ አብዝተው ያጕረመረሙትም ዛሬ ከሁሉ ያነሰ አላቸው። እኔ ከዚህ ትረካ ከፍርዱ ይልቅ የጕልበቱን ጭንቅ አነባለሁ፤ አበባው በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ወጥቶ የሚያልቅ ስለሆነ፥ የሚያበለጽገውም የሚያደኸየውም መሬቱ ሳይሆን በእነዚያ ጥቂት ማለዳዎች የሚገኘው እጅ ነበረ፤ የከተማዪቱ ሀብትም በሴቶች፥ በሕፃናትና በአረጋውያን ጣቶች ላይ የቆመ ነበር።

ሐኪሙ ዳግላስ በ1728 ዓ.ም. ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባቀረቡት ጽሑፍ ይህን የጣት ሥራ ቀርበው አሳይተውናል። በእሳቸው ዘመን ተክሉ ከዎልደን ይልቅ በኬምብሪጅ በኩል በርክቶ ነበረ። ለቃሚዎቹ አበባውን እንዳለ እየቀጠፉ በእፍኝ በእፍኝ ወደ ቅርጫት ይጥላሉ፤ እስከ ረፋዱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ለቅመው ወደ ቤት ይመለሱና በትልቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በዙሪያው ይቀመጣሉ፥ ቀዩንም ክር ከነዘንጉ እየመዘዙ ለብቻ ያኖራሉ። ዝናም ቢዘንብ ባይዘንብም በማግሥቱ ይመለሳሉ፤ ሰንበትም እንኳ አያስቀራቸውም ነበር፤ የሰንበት ሥርዐት ያን ያህል በጸናበት አገር ይህ መፈቀዱ የአበባውን አጣዳፊነት ያስረዳል።

ማድረቂያው ምድጃ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ታናሽ ነገር ነበረ፤ ከወፍራም እንጨት ተዋቅሮ ውስጡም ውጭውም በጭቃ ተመርጎ፥ ከሥሩ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሴንቲሜትር፥ ከአፉ 56 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ሆኖ ወደ ላይ ይሰፋል። በአፉ ላይ ከፀጉር የተፈተለ ጨርቅ ይወጠራል፥ በላዩ ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፥ በወረቀቱ ላይ ርጥቡ ክር አራትና አምስት ጣት ያህል ወፍሮ ይደለደላል፤ ደግሞ ወረቀት፥ ከዚያ የታጠፈ ብርድ ልብስ፥ ከዚያ ሳንቃ፥ በሳንቃውም ላይ ከባድ ክብደት ይጫናል። በመጀመሪያ ክሩ እንዲያልበው እሳቱ ይበረታል፤ ዋናው ብልሃት በዚህ ሰዓት ነው፥ ትንሽ ቢዘናጉ ያርራል። አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ተጋግሮ ቂጣ የሆነው ሳፍሮን ይገለበጣል፥ ከዚያ በኋላ እሳቱ ለዝቦ በየግማሽ ሰዓቱ እየተገላበጠ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቈያል። አምስት ፓውንድ ርጥብ አንድ ፓውንድ ደረቅ ይወጣዋል። ቀን ሲለቅም የዋለ ቤተሰብ ሌሊቱን በተራ እየነቃ ያን ቂጣ ያገላብጥ እንደነበረ ሳስብ፥ የሳፍሮን ዋጋ ስለምን እንዲህ ከፍ አለ ብሎ መጠየቅ አይቻለኝም።

ዋጋው የከበረ ነገር ሁሉ አስመሳይ አይታጣበትምና ሳፍሮንም ከዚህ አላመለጠም። በጀርመን አገር በኑረንበርግ ከተማ ሳፍሮን መርማሪ ሹማምንት ነበሩ፤ በ1444 ዓ.ም. ዮብስት ፊንደከር የሚባል ነጋዴ ባዕድ ነገር ከቀላቀለበት ሳፍሮኑ ጋር በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። ከአስመሳዮቹ ዋነኛው ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ፍሬውን በጾም ወራት ወቅጠን ለፍትፍት የምናውለው ሱፍ ነው። ቢጫና ቀይ የሆነው የሱፍ አበባ ሲደርቅ ለዓይን ሳፍሮን ይመስላል፥ ውኃንም ያቀልማል፤ መዓዛውንና ምሬቱን ግን አያገኘውም፤ ስለዚህ ከእውነተኛው ጋር እየተደባለቀ በብዙ ገበያ ሲሸጥ ኖሯል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳፍሮን ከዎልደን ምድር ጠፋ። ያጠፋው መቅሠፍትም ጦርነትም አይደለም። ዳግላስ ባሰሉት ሒሳብ አንድ ኤከር በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሰጠው 26 ፓውንድ ያህል ደረቅ ሳፍሮን ሲሆን፥ ከሽያጩ ከግማሽ የሚበልጠው ለኪራይና ከሁሉም በላይ ለለቃሚና ለነቃሽ ደመወዝ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ዓመት መኸርማ ከሁለት ፓውንድ አያልፍም። በዚያው ጊዜ ከስጳንያ ርካሽ ሳፍሮን ይገባ ጀመር፥ የሕዝቡም አፍ ወደ ሌላ ጣዕም ዘነበለ፥ ሐኪሞችም መድኃኒታቸውን ለወጡ፤ በዎልደን አጠገብ ያለው ገብስ ግን ለብቅል ተፈልጎ ዋጋው ከፍ አለ። ገበሬው አርሶና ዘርቶ በማጭድ የሚያገኘው ገብስ ሲኖርለት፥ ሰንበት እንኳ ሳይቀር ጐንበስ ብሎ ስለሚለቅመው አበባ የሚደክምበት ምክንያት አጣ። እንዲህ ባለ ሒሳብ የጠፋ ተግባር እምብዛም አልቃሽ የለውም፤ እኔ ግን አለቅስለታለሁ፥ በመጽሐፍ የማይጻፍና በቃልና በእጅ ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት አብሮ ጠፍቷልና። መካን ተክል በመሆኑም ከቅጥር ሥር አምልጦ የበቀለ አንድ ዘር አልተረፈለትም። በምዕራብ ዳርቻ በኮርንዎል ብቻ ሕዝቡ ሳፍሮን የገባበትን ዳቦ መጋገር ሳይተው ቀረ፤ የሚጋግርበት ሳፍሮን ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሆነ።

ዛሬ የዓለሙን ሳፍሮን እጅግ አብዛኛውን ክፍል የሚያበቅለው ኢራን፥ ይልቁንም ኮራሳን የሚባለው ምሥራቃዊ አገሯ ነው፤ በካሽሚር የፓምፖር ገበሬዎችም በዚሁ ሥራ ይኖራሉ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን በኤሴክስ ምድር ሳፍሮን እንደገና መተከል ጀምሯል፤ በሌላውም አገር በጓሮአቸውና በሸክላ ማሰሮ የሚሞክሩት ብዙዎች ሆነዋል። ለእነዚህ ሰዎች ቄስ ሐሪሰን የጻፉት ዛሬም ሥራ ላይ ይውላል፤ ውኃ የማያቍር ልል አፈር፥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ፥ ኮረቲቱ በምታንቀላፋበት በበጋቸው ውኃ አለመስጠት፥ በጥልቀት መትከል፥ በሦስትና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ ልጆቹን መለያየት። አምሳ ኮረት የተከለ ሰው እያንዳንዷ አንድ አበባ ብትሰጠው በመጀመሪያው ዓመት ከግራም ሢሶ ያህል ያገኛል፥ ይህም ለጥቂት ድስት ሩዝ ይበቃዋል፤ ልጆቹን እየለያየ ቢተክል በሦስተኛው ዓመት አበባው እጥፍ ድርብ ይሆንለታል። መልቀሙን ግን እስከ ዛሬ ከሰው ጣት የተሻለ መኪና አላቀለለውም፤ የጓሮው ባለቤትም በጥቅምት ማለዳ፥ ፀሐይ ሳትወጣ፥ ቅርጫቱን ይዞ መውጣት አለበት።